ዘግይቶ የሚመጣው

ደብተሩ አሁንም የልብስ ሳሙና ይሸታል። እናቴ ሜልበርን ያራቪል ሰፈር ውስጥ ለዓመታት የተከራየችውን ቤት ለቅቃ ታርኒት የሚባል ሰፈር ልትገባ ስለሆነ ባለፈው ቅዳሜ ጋራዡን ላግዛት ሄጄ ነበር፤ የተበላሸ ማሞቂያ፣ የልጅነት ጫማዎቻችን፣ ክዳኑ የጠፋ ብረት ድስትና ሽቦው የተተበተበ የጌም ማጫወቻ ከታጨቁበት ካርቶን ሥር ሰማያዊ ልባስ ያለው፣ ጥጉ የተጠቀለለ የተማሪ ደብተር አገኘሁ። ሳልገልጠው ሽታው ቀድሞ ደረሰኝና የማን እንደሆነ አወቅሁ። እንዲህ ያለ ነገር ድንገት እጁ የገባ ሰው ያለቅሳል ሲባል እሰማለሁ። እኔም ጋራዡ ወለል ላይ ተቀምጬ፣ ምናልባት ይመጣ ይሆናል ብዬ ትንሽ ጠበቅሁ፤ ምንም ሳይመጣ ሲቀር የማሸጊያ ፕላስተሩን አንስቼ ቀጣዩን ካርቶን አሸግሁ።

አባዬ ሜልበርን የመጣው ከእኛ ስድስት ዓመት ዘግይቶ ነው። እናቴ ነርስነት ልትማር ስትመጣ እኔ ስድስት ዓመቴ፣ ወንድሜ ናትናኤል ደግሞ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ሁለታችንን ይዛ መጣች፣ አባዬ «ወረቀቱ እስኪያልቅ» ተብሎ አዲስ አበባ ቀረ፣ ወረቀቱም እንደ ወረቀት ጠባዩ ስድስት ዓመት ፈጀ። በዚያ መሀል ናቲ በቁመት እናቴን አለፋት፤ አምፖል መቀየሩ፣ ከአከራዩ ጋር በስልክ መከራከሩ፣ የቆሻሻ በርሜሎቹን በየሳምንቱ መንገድ ዳር ማውጣቱ የእሱ ሥራ ሆነ፤ ሳሎናችን ውስጥ የነበረው ብቸኛ ባለ አንድ ሰው ሶፋም የእሱ ሆነ። ሶፋውን ሰፈሩ አሮጌ ዕቃውን መንገድ ላይ በሚያወጣበት ሰሞን እሱና እናቴ ተሸክመው ያመጡት ነው፤ ቡናማ፣ ክንዱን ድመት የቧጨረው፣ ሲቀመጡበት የሚያቃስት። አባዬ ከኤርፖርት መጥቶ ሳሎን የገባ ዕለት ናቲ ከዚያ ሶፋ ላይ አልተነሣም። እናቴ በዓይኗ አንዴ፣ ጉሮሮዋን በመጥረግ ሁለቴ ነገረችው፤ እሱ ግን ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል «ሃይ» አለ። አባት ከስድስት ዓመት በኋላ በር ላይ ቆሞ ልጅ አይነሣም ማለት ምን እንደሆነ እኔ እንኳ በአሥራ ሁለት ዓመቴ ገብቶኝ ነበር። አባዬ አልተቆጣም። ከወጥ ቤት አንድ ወንበር ራሱ ይዞ መጣና በሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ ያ ወንበር ከዚያ ወዲያ የእሱ ሆኖ ቀረ።

ናቲ አማርኛ ይሰማ ነበር፤ የሚመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነበር። አባዬ ደግሞ በመጽሐፍ የሚያውቃት እንግሊዝኛ ከናቲ አፍ ስትወጣ ጭራዋም አትያዝለትም። ስለዚህ እኔ መሀላቸው ተቀመጥሁ። አባዬ «ምን አለ?» ይለኛል፣ ናቲ «እንዲህ በይው» ይለኛል፤ «አባዬ» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም፣ ሁልጊዜ «እሱ» ነው፤ በይው፣ ንገሪው፣ ጠይቂው። አባዬ አንዳንዴ ራሴን እየዳሰሰ «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?» ይለኝ ነበር። ይህችን አባባል በጣም እወዳት ነበር። ያኔ ከእሷ የበለጠ የምወደው ነገር የነበረ አይመስለኝም።

አባዬ አዲስ አበባ የአማርኛ መምህር ነበር፤ ከዚያ በፊት በወጣትነቱ ጎንደር ትርጓሜ ቤት ሰባት ዓመት ተቀምጧል። እዚያ ቤት ቃል አንድ ፍቺ ይዞ መግባት ይችላል እንጂ በአንድ ፍቺ መውጣት አይፈቀድለትም፤ መምህሩ ንባቡን ይሉና ፍቺውን ይሰጣሉ፣ ከዚያ «አንድም» ብለው ሌላ ፍቺ ይጨምራሉ፣ አሁንም «አንድም» ይላሉ፣ ተማሪው ይህን ሁሉ በቃሉ ይዞ ይወጣል። አባዬ ይህ ልማድ ከደሙ ስለገባ የአከራያችንን ደብዳቤ እንኳ ሳነብለት ሦስት መንገድ ያወጣለት ነበር፤ «ግቢውን እናየዋለን» ሲሉ ሣሩን እጨዱ ሲሉ ነው፣ አንድም ኪራይ ሊጨምሩ ነው፣ አንድም ሊሸጡት ነው። ሜልበርን የሰጠችው ሥራ ግን ላቨርተን ኖርዝ ያለ መጋዘን ውስጥ የሳሙና ዱቄት በካርቶን ማሸግ ነበር። ከሥራ ሲመለስ ሹራቡም ፀጉሩም ሳሙና ሳሙና ይሸታል፤ እናቴም «እዚህ ቤት ንጹሑ ሰው እሱ ብቻ ነው» እያለች ትቀልድበት ነበር።

ጌሙን በአማርኛ እንጥራው ብንል «የጨው ነገሥታት» ማለት ነው። ያኔ ሦስት ክፍል ወጥቶ አራተኛው ይጠበቅ ነበር፤ ሰይፍ፣ መርከብ፣ የደረቀ ባሕርና ስማቸውን ለመጥራት ምላስ የሚያደናቅፉ ነገሥታት ያሉበት። በመጀመሪያው ክፍል አንድ ኮረብታ ላይ የቆመ ድንጋይ አለ፤ ድንጋዩ ላይ አራት መስመር ትንቢት ተቀርጿል፤ የትንቢቱ ፍቺ በአራተኛው ክፍል ይገለጣል ተብሎ ስለነበር የዓለም ጎረምሳ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ በአራቱ መስመር ይባላ ነበር። ናቲም ከእነሱ አንዱ ነው። ትምህርት ቤት የቤት ሥራ ሳይሠራ የሚሄድ ልጅ ስለዚያ ድንጋይ ሦስት ገጽ ይጽፍ ነበር።

አንድ የክረምት እሑድ፣ እናቴ ሥራ ላይ ሆና፣ ዝናቡ መስኮቱን እየመታ፣ ናቲ ጌሙ ውስጥ ድንጋዩ ፊት ቆሞ ብቻውን ሲያጉተመትም አባዬ ከበሩ አጠገብ «እዚያ ላይ የተጻፈው ምንድን ነው?» አለኝ። መስመር በመስመር ተረጎምሁለት።

ዘግይቶ የሚመጣው ከባሕር ማዶ ይመጣል፤
ወንበሩን የገዛ ደሙ ተቀምጦበት ያገኘዋል፤
በራሱ ደጅ ቆሞ ውሃ ይለምናል፤
ስሙን የማይጠራው መብራቱን ያበራለታል።

አባዬ ተነሥቶ እጁን ታጠበ፣ ሰማያዊውን ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ አመጣ፤ ንባቡን በቀይ ጻፈ። መጠየቅ ጀመረ። የተናገረው ማን ነው? ለማን ነው የተናገረው? ድንጋዩ ፊቱን ወደ የት አዙሯል? እኔ ለናቲ አስተላለፍሁ፤ ናቲ ሳቀ፤ ከዚያ ግን ሳቁን አቆመና «አላውቅም፣ ማንም ይህን ጠይቆ አያውቅም» አለ። ድንጋዩ ወደ ምሥራቅ ዞሮ እንደሆነ ለማወቅ በጌሙ ውስጥ ፀሐይ እስክትወጣ መጠበቅ ነበረብን። ሦስታችንም፣ ናቲ ሶፋው ላይ፣ አባዬ ወንበሩ ላይ፣ እኔ መሀላቸው ምንጣፉ ላይ፣ ውጭ ዝናብ እየዘነበ፣ የሌለች አገር ፀሐይ እስክትወጣ ድረስ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጠን ጠበቅን። በመጨረሻ በድንጋዩ ፊት ለፊት ወጣች። አባዬ «አላልኳችሁም?» አለ፣ ምንም ያለው ነገር ባይኖርም። ናቲ ዞር ብሎ ሲያየው ያየሁት ያን ዕለት ነው፤ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲያ እሑድ ከሰዓት የአባዬ ጉባኤ ሆነ። አባዬ «ከባሕር ማዶ ሲል ከሞት ሲል ነው፣ አንድም ከስደት ሲል ነው፣ አንድም ባሕሩ የደረቀ ስለሆነ ከማይሻገሩት ቦታ ሲል ነው» ይላል፤ እኔ እተረጉማለሁ፤ ናቲ ይጽፋል። መጀመሪያ የጌሙ ወዳጆች በሚከራከሩበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ያወጣው ሊያሾፍበት ነበር፣ «የቤታችን እብድ የሚለውን ስሙ» ብሎ፤ ነገር ግን የመጣለት መልስ ሁሉ የአድናቆት ሆነና አፉን አስያዘው። ሰዎቹ የአባዬን ነገር ይጠብቁ ጀመር። አንድ የፊንላንድ ሰው የራሱን ግምት ሲጽፍ በፊደላቸው «አንድም» ብሎ ጀመረ፣ አንድ የብራዚል ልጅ ተከተለው፣ ብዙም ሳይቆይ በዚያ መድረክ ላይ «አንድም» ሳይል የሚናገር ሰው እንደ ጀማሪ ይታይ ጀመር። ይህን ለአባዬ ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ፤ «ጎንደር ያሉት መምህሬ ቢሰሙ በመቋሚያ ይሉኝ ነበር» አለ። ሰኞ ወደ ሳሙናው ሲሄድ ግን ከወትሮው ቀና ብሎ ሄደ።

ናቲ ግን አሁንም ከሶፋው አይነሣም፣ አሁንም «እሱ» ነው የሚለው። አንድ ነገር ብቻ ነበር። ክረምት ላይ ከተማው ገና በአሥራ አንድ ሰዓት ይጨልማል፤ አባዬ ከባቡር ወርዶ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን በር ላይ ይደርሳል። አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን ናቲ ጌሙን ያቆምና ተነሥቶ የበረንዳውን መብራት ያበራል፣ ተመልሶም ይቀመጣል። ማንም አላዘዘውም፣ ማንም ነገሬ ብሎ አላነሣውም። እኔ አባዬ ያየው አይመስለኝም ነበር።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። ናቲ አሥራ ስድስት ዓመት ሞላውና እሑድ እሑድ ከሰዓት ሱፐርማርኬት ውስጥ ሺፍት ያዘ፤ ጉባኤያችን አጠረ። አንድ እሑድ አራተኛው መስመር ላይ ደርሰን ነበር። አባዬ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ እስክሪብቶውን ክፍት እንደያዘ፣ ከወትሮው በተለየ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«ንገሪው» አለኝ። «ሁሉም ሰው ወንበሩን የያዘው ጠላት፣ መብራቱን የሚያበራው ወዳጅ ነው ይላል። እኔ ግን ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው እላለሁ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ልጅ ራሱ ነው መብራቱን የሚያበራው። እሱ ምን ይላል? ዘግይቶ የመጣው ሰውዬ ሲገባ ልጁ ይነሣለታል ወይስ አይነሣለትም?»

ናቲ አማርኛውን እንደሰማ ያወቅሁት ጆሮው ሲቀላ ነው። ሺፍቱ ደርሶበት ስለነበር ከሶፋው ተነሥቶ ጃኬቱን ለበሰ፣ ቦርሳውን አነሣ፣ በአባዬ አጠገብ ሲያልፍ አላየውም፤ በሩን ከፍቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶን፣ በዚያ በፈጣን እንግሊዝኛው እንዲህ አለኝ፦ «አዎ አንድ ሰው ነው በይው። የተቀመጠው ሌላ ሰው እንዳይወስድበት እየጠበቀለት ነው። እንዲያውም አሁን ተነሥቷል በይው።» በሩን ዘጋና ሄደ።

አባዬ ወደ እኔ ዞረ። «ምን አለ?»

«አላውቅም ይላል» አልሁት።

ይህን ነገር ለብዙ ዓመት እንደ አባዬ አድርጌ ፈትቼዋለሁ። ደክሞኝ ነበር፤ አንድም ልጅ ነበርሁ፣ ቃሉ አልከበደኝም፤ አንድም እነዚህ ሁለት ሰዎች ያለ እኔ መነጋገር ከጀመሩ እኔ ምን እሆናለሁ፣ ማንስ ራሴን ዳሶ «አንቺ ባትኖሪ» ይለኛል ብዬ ነው። ሦስተኛው ነው እውነቱ። ያኔ አውቄው ነበር፣ አሁንም አውቀዋለሁ። የዚያን ዕለት ሁለት ቃል ነጭ ውሸት ተናግሬ ተነሣሁና ብስኩት ልበላ ወጥ ቤት ገባሁ፤ ብስኩቱ ባለ ዝንጅብል እንደነበር እንኳ አስታውሳለሁ።

ናቲ ከሥራው ሲመለስ አባዬ ከበሩ አጠገብ ካለችው የወጥ ቤት ወንበር ላይ አልተነሣም ነበር። ሶፋው ፊት ለፊቱ ባዶውን ቆሟል። ናቲ በሩን ይዞ ሶፋውን አየ፣ አባዬን አየ፤ አባዬ «ደህና ዋልክ?» አለው፣ እሱም ራሱን ነቅንቆ ወደ ክፍሉ ገባ። አንዱ ወንበሩን ሰጥቶ እምቢ የተባለ መስሎታል፤ ሌላው ጠይቆ መልስ ያጣ መስሎታል። እኔ መሀላቸው ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር። በማግሥቱ ናቲ ቴሌቪዥኑን ወደ መኝታ ክፍሉ ወሰደው። እሑዶቹ ቀሩ። የበረንዳው መብራትም ከዚያ ወዲያ አልበራም፤ አባዬ በጨለማ ቁልፉን በበሩ ላይ ሲፈልግ፣ ብረቱ እንጨቱን ሲቧጥጥ፣ እያንዳንዳችን ከየክፍላችን እንሰማ ነበር።

ሶፋው ላይ ማንም ሳይቀመጥበት ከረመ፤ ሰፈሩ ዕቃ የሚያወጣበት ሰሞን ሲደርስ እናቴ መልሳ መንገድ ዳር አወጣችው። አባዬ በዚያው ዓመት አያቴ ታመዋል ተብሎ ጎንደር ሄደ። ሄዶ ቀረ። ቱላማሪን ኤርፖርት ማንም አላለቀሰም፤ እናቴ «ሻንጣህን አትርሳ» አለችው፣ ናቲ እጁን ዘረጋለት፣ አባዬም በሁለት እጁ ጨበጠው። አያቴ ድነው ብዙ ዓመት ኖሩ፣ እሱ ግን አልተመለሰም፤ ማንም ተለያየን ብሎ ሳይናገር ተለያየን። አራተኛው ክፍል ከዚያ በኋላ ወጣ። ወንበሩ በጌሙ መጀመሪያ ላይ በእሳት ይቃጠላል፤ ዘግይቶ የሚመጣው ደግሞ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው አንድ መርከበኛ ሆነ። ሰዎቹ መድረኩ ላይ ተናደዱ፣ የፊንላንዱ ሰውዬም «ሽማግሌው የት ሄደ? አንድም ይበለን እንጂ» ብሎ ጻፈ። ናቲ አልመለሰለትም። ጌሙን ጨርሶ ማጫወቻውን ካርቶን ውስጥ ከተተው።

አሁን እኔ አስተርጓሚ ነኝ። ሥራዬ በስልክ ነው፤ ሐኪሙ ይናገራል፣ እኔ እናገራለሁ፣ ታማሚዋ «እግዜር ይስጥሽ የኔ ልጅ» ትለኛለች። ሥልጠናው ላይ የመጀመሪያው ሕግ ምንም አለመጨመር፣ ምንም አለመቀነስ ነው ሲሉን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍሁት፣ ከሥሩም አሰመርሁበት። ያኔም ምንም አልተሰማኝም። አባዬ ለበዓል ይደውላል፤ «ናትናኤል ደህና ነው?» ይለኛል። ናቲ የሚኖረው ፐርዝ ነው፣ እሱም ሲደውል «እሱ ደህና ነው?» ይለኛል። «ደህና ነው» እላቸዋለሁ፣ ለሁለቱም። ይህን እንኳ በትክክል አስተላልፋለሁ።

ደብተሩን የገለጥሁት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። የአባዬ እጅ ጽሑፍ እንደ ጥንቱ ነው፤ ንባቡ በቀይ፣ ፍቺው በሰማያዊ፣ ገጽ ሙሉ «አንድም»፣ አንድም፣ አንድም። የመጨረሻው የተጻፈበት ገጽ ላይ አራተኛው መስመር በቀይ አለ፤ ስሙን የማይጠራው መብራቱን ያበራለታል። ከሥሩ አምስት ፍቺ አለ። አምስተኛውን ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም፣ እንድተረጉመውም አልሰጠኝም፦ «አንድም ልጄ ናትናኤል ነው፤ ስሜን አይጠራም፣ ነገር ግን ስመጣ የበረንዳውን መብራት ያበራልኛል።» ከዚያ አንድ መስመር ተዘልሎ፣ እስክሪብቶው እየከዳው እንደነበር በሚያስታውቅ ፈዛዛ ቀለም፣ እንዲህ ይላል፦ «ጠየቅሁት። አላውቅም አለ። ይህ ቃል አንድም የለውም።»

ከዚያ በኋላ ያለው ገጽ ሁሉ ባዶ ነው። ሁሉንም አገላብጬ አየሁ።

ገጹን ፎቶ አንስቼ ለናቲ ላክሁለት። ለምን እንደላክሁት ሳላስበው ነው። ናቲ አማርኛ ይሰማል እንጂ ፊደል አያነብም፤ ወዲያው የሳሙናው ሽታ አሁንም አለው ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ ቀጥሎም «ምን ይላል?» ብሎ ጻፈልኝ። ይኸው ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ አልመለስሁለትም።